ባዶ የተባለው ሜዳ

ኅዳር 12

ዛሬም የዓሣ ሆድ ስከፍት ዋልኩ። ጣት የምታክል ዓሣ... በትንሽ መቀስ ከታች ወደ ላይ፣ ሆዷን በወረንጦ፣ ከዚያ መስታወት ላይ፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ ሥር። ሆስፒታል እያለሁ ደምና ሰገራ ነበር የማየው፤ ሽታ አይከብደኝም። ደግነቱ እዚህ ውጤት የሚጠብቅ ዘመድ በር ላይ ተኮልኩሎ አያፈጥብኝም።

የሁሉም ሆድ ባዶ። አንዷ ውስጥ ብቻ የሆነ ቁራጭ ነገር... ምን እንደሆነ አልለየሁትም።

"ባዶውንም ጻፊው" አሉኝ ዶክተር። "ያልበሉበት ቀን ካልታወቀ የበሉበት ቀን ምን ይነግረናል?"

ዶክተር የጣቢያው ኃላፊ ናቸው። ስልሳን የተሻገሩ ሴት፣ ጉልበታቸው የታመመ፣ ሲስቁ በአፍንጫቸው። የባሕር ምርምር ጣቢያ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል፤ ቆርቆሮ የለበሰ ሁለት ክፍል፣ አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ጀልባ ነው። ፊት ለፊቱ አፉ አለ። ወንዙ ባሕሩን የሚነካበትን ቦታ ሰው ሁሉ "አፉ" ነው የሚለው። ወንዝ ይባል እንጂ ውሃ የሚወርድበት በስንት ዓመት አንዴ ነው። ባሕሩ ነው ራሱ ገብቶ ራሱ የሚወጣው። ዳር ዳሩን ማንግሮቭ፣ እግሩን ጨው ጭቃ ውስጥ ነክሮ የሚኖር ዛፍ። ከዛፉ ጀርባ ሜዳው... ነጭ፣ ጥቁር፣ ደረቅ። ዓይን የሚያርፍበት የለውም።

ቤት ስደርስ አማቴ፣ እማማ፣ በር ላይ አስቆሙኝ። "ታጥበሽ ግቢ ልጄ፣ ዓሣ ዓሣ ትያለሽ።" ታጥቤ መጣሁ። አሸተቱኝ። "እስቲ ድገሚው።"

ኅዳር 16

ባለቤቴ ካርታውን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ጫፍና ጫፉን በጨው ዕቃ፣ በስልኩና በእማማ መድኃኒት አስያዘው። እኛ ሳህናችንን ጭናችን ላይ አድርገን በላን።

ወደዚህ የመጣነው በእሱ ሥራ ነው። መንገድ ሊሠራ። ከአፉ ማዶ ያለው የአጥማጆች መንደር እስከ ዛሬ መኪና አያውቅም፤ ወይ በጀልባ ወይ በእግር። አዲሱ መንገድ ሜዳውን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ፣ በድንጋይና በአፈር ከመሬቱ ከፍ ብሎ፣ ከዋናው አስፋልት ይገጥማል።

"እዪው፣ አንድ ማንግሮቭ አልነካም" አለኝ፣ ጣቱን ካርታው ላይ እየነዳ። "ዛፉ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል። ባዶውን ሜዳ ይዞ ነው የሚሄደው።"

ልቡ ሙሉ ነበር። ሌላው ቢሆን ዛፉን ጨፍጭፎ በአቋራጭ ይሄድ ነበር። ኮራሁበት። ለምን አልኮራም?

ኅዳር 23

ዶክተር ሜዳው ላይ ይዘውኝ ወጡ። ጉልበታቸው ስላመማቸው የሚቀመጡበትን የዓሣ ሣጥን እኔ ተሸከምኩ።

"ምን ይታይሻል?"

"ምንም።"

"እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የምለው።"

መሬቱን የሸፈነው እንደ አሮጌ ጫማ ቆዳ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ቅርፊት ነው። ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። ከያዙት የፕላስቲክ ጠርሙስ የባሕር ውሃ አፈሰሱበት። "አሁን ቁጭ በይና ጠብቂ።" ጠበቅሁ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ምንም የለም... ምንም የለም... ከዚያ ቅርፊቱ ለሰለሰ። ጥቁሩ ቡናማ፣ ቡናማው አረንጓዴ ሆነ። ቀጥሎ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ አረፋዎች ብቅ ብቅ አሉ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ኦክስጅን ነው። ምግብ መሥራት ጀመረ።"

በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፣ እልፍ ሆነው ተጣብቀው የሚኖሩ። ወር ይሁን ሁለት ወር ደርቀው ይቆያሉ፣ ጨው ይከመርባቸዋል፣ ፀሐይ ይጠብሳቸዋል። ውሃ ሲነካቸው ያንኑ ሰዓት ሥራ ይገባሉ።

"እኔ ከዓመት ፈቃድ ስመለስ ሳምንት ይፈጅብኛል" አሉ ዶክተር።

ስንመለስ እግሬን የት እንደማሳርፍ ጨነቀኝ። ስንት ነገር እየረገጥኩ ነው?

ኅዳር 24

የቅርፊቱን ቁራጭ በሳህን ቤት አመጣሁ። መስኮቱ ሥር አስቀምጬ ውሃ አፈሰስኩበት። እማማ መጀመሪያ ለሳህናቸው አዘኑ። ቀጥሎ ቀረብ ብለው አዩ። ቀጥሎ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ነፍስ አለው እንዴ?"

"አለው እማማ።"

"ምስኪን... ሞቶ ነበር እኮ የመጣው።"

ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ እናቱ እጁን ይዘው ወሰዱት። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። "ያምራል" አለ። ያምራል ያለው ከልቡ ነው፣ አውቀዋለሁ። ከሜዳው እንደሆነ ስነግረው ግን ፊቱ ተዘጋ።

"ሜዳው ባዶ ነው ተብሎ ተጠንቷል። ማን እንዳጠናው ታውቂያለሽ? የእናንተው ዶክተር።"

ሳህኑን አነሳሁ።

ኅዳር 25

ዶክተርን ጠየቅኋቸው። መሽኮርመም አያውቁም።

"አዎ፣ እኔ ነኝ። ማንግሮቩን ጠብቁ፣ ሜዳው ባዶ ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ። ወጣት ነበርኩ እንዳልል አርባ ዓመቴ ነበር።" ብርጭቋቸውን አጠቡ፣ ደፉት። "ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ የተጻፉት ዝናብ በሚዘንብበት አገር ነው። እዚያ ወንዙ ቅጠል እያግበሰበሰ ያወርዳል፣ ቅጠሉ ይበሰብሳል፣ የባሕሩ ፍጥረት ከእሱ ይኖራል። እኔም እዚህ መጥቼ ቅጠል ፈለግኩ። ማንግሮቭ አገኘሁና በቃ፣ ይሄው ነው አልኩ።"

"ታዲያ መቼ ጠረጠሩ?"

"ዓሣው በዛብኝ። ዛፉ ያቺው ትንሽ፣ ዓሣው ይሄ ሁሉ... ሂሳቡ እምቢ አለ።"

ለምን እኔን እንደቀጠሩ ያኔ ነገሩኝ። "ሙያው ውስጥ ያሉት ሁሉ ተማሪዎቼ ናቸው። ከእኔ የተለየ ነገር ቢያዩ ሁለት ጊዜ ያስባሉ። አንቺ ስለ ማንግሮቭ ምንም አታውቂም። ዓሣው ሆድ ውስጥ ያላየሽውን አየሁ አትዪም። ስሳሳት እንድትይዢኝ ነው የቀጠርኩሽ።"

ራሷን ለማስያዝ ሰው የምትቀጥር ሴት... እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

ታኅሣሥ 6

የዓሣ ሥጋ፣ የሸርጣን ሥጋ፣ የማንግሮቭ ቅጠልና የሜዳው ቅርፊት፣ ሁሉም ደርቆ ተፈጭቶ በትናንሽ ጠርሙስ ወደ ዋናው ከተማ ተላከ። እዚያ ካርቦን የሚለይ መሣሪያ አለ። ዶክተር እንደነገሩኝ ካርቦን ከባድና ቀላል አለው፤ ማንግሮቩ አንድ ዓይነት፣ ሜዳው ሌላ ዓይነት ድብልቅ ይሠራል። የበላውም ሥጋ ያንኑ ይይዛል። አንዱ አንዱን እየበላ ከሦስትና ከአራት አፍ በኋላም ቢሆን ምልክቱ አይጠፋም። ሆድ የሚያሳየው ዛሬ የተበላውን ነው፤ ሥጋ ግን የወራቱን ይናገራል።

ሻይ ላይ ደግሞ ሌላ ትምህርት።

"ቁርስ ምን በላሽ?"

"ዳቦ በእንቁላል።"

"ያንን ያህል ወፈርሽ?"

"ኧረ አልወፈርኩም።"

"የት ገባ ታዲያ?"

አሰብኩ። ተራመድኩበት። ሠራሁበት። ሞቅኩበት።

"በቃ። አሁን አውሬ ቢበላሽ ከቁርስሽ የሚደርሰው ትርፍራፊ ነው። ሸርጣኑም ቅርፊቱን በልቶ አብዛኛውን ይኖርበታል፣ ትንሿ ዓሣም ሸርጣኑን እንደዚያው። በየአፉ ይቀንሳል። አሁን እዚህ ወንዙ አፍ ላይ አንድ ትልቅ ዓሣ አየሽ እንበል... ከሥሩ ስንት ሜዳ አለ?"

ማታ ሳህኔ ላይ የቀረበውን ዓሣ ሳይ እጄ ቆመ። እማማ አልበሰለም ያልኩ መስሏቸው ተቀየሙ።

ታኅሣሥ 14

ሬዲዮ ዓሣ አመጣልን። ሬዲዮ የማዶው መንደር አጥማጅ ነው፤ የሚያወራው ስለማያልቅ ነው እንዲያ የሚሉት። ቅር አይለውም። ለናሙና የምንፈልጋቸውን ትናንሽ ዓሦች የሚያጠምድልን እሱ ነው። ዛሬ ስለ መንገዱ አወራ፣ መንገዱ መቼ፣ መንገዱ እንዴት... የመሐንዲሱ ሚስት መሆኔን ያውቃል።

ሜዳው ላይ ስለምናየው ነገርኩት። ሰማኝ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ።

"እትዬ፣ ሸርጣን አልጠላም። እኔም ከአፉ ነው የምበላው። ግን ባለፈው ዓመት ሚስቴን ምጥ ይዟት ነፋሱ ጀልባ አላስወጣ አለኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ባሕሩን ቆሜ አየሁት። እሷ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም። እንግዲህ መንገዱ አይሠራ በይኝ።"

አይሠራ የሚል ቃል ከእኔ አይወጣም። ሊወጣም አይገባም።

ታኅሣሥ 20

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ባሕሩ ሜዳው ላይ ወጣ። ዶክተር ቀኑን አስቀድመው ያውቁት ነበር፤ ውሃው ያን ያህል የሚሞላው በወር አንዴ ቢሆን ነው፣ አንዳንዱን ወር ጭራሽ ይዘለዋል። ከሰዓት በኋላ ሄደን ሣጥናችን ላይ ተቀመጥን። ሞገድ የለውም። እንደ ፈሰሰ ዘይት ቀስ እያለ ማንግሮቩን አለፈ፣ ስንጥቆቹን ሞላ፣ እግራችን ሥር ደረሰ። ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም። ግን እስከ ሰማዩ ጥግ ድረስ ነው። የረጠበው ቅርፊት አረፋውን ሲለቅ ሜዳው በሙሉ ገና እንደተከፈተ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ቅሽሽሽ አለ።

ከዚያ ሸርጣኖቹ ወጡ። ከየጉድጓዱ። አንድ ወር ሙሉ ይሄንን ቅርፊት ሲግጡ የከረሙ። ሴቶቹ ሆዳቸው ሥር እንቁላል አቅፈዋል።

"እመቤቶቹን እያቸው" አሉ ዶክተር።

ውሃው መመለስ ሲጀምር እመቤቶቹ በእግራቸው ጫፍ ቆሙ። ሰውነታቸውን አራገፉ። ከእያንዳንዷ ሥር እንደ አቧራ ያለ ነገር ቡን አለ... ልጆቻቸው ናቸው። የሚሄደውን ውሃ ጠብቀው ነው የለቀቋቸው፣ ወደ ባሕር እንዲወስድላቸው። ማን ነገራቸው? ውሃው ደፍርሶ፣ ወፍሮ፣ በማንግሮቩ መሐል ባለችው ቦይ ወረደ። ጣት የምታክለዋ ዓሣዬ እዚያ ቆማለች። አንድ አይደለችም፤ ቦዩን ሞልተው፣ አፋቸውን ወደ ሜዳው አዙረው፣ ተሰልፈው። ከእነሱ ኋላ ደግሞ ትልልቆቹ ጥላዎች።

ዶክተር ሣጥኑ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ አይተው አይጠግቡም። ስንት ዓመት አይተውታል፣ ዛሬም እንደ እኔ አፋቸውን ከፍተው ነው።

ፀሐይዋ ስትጠልቅ ትንንሾቹን ዓሦች በመረብ ጨለፍኩና ተመለስን።

ታኅሣሥ 21

ሆዳቸው ሊፈነዳ ደርሷል። መስታወቱ ላይ ስዘረግፈው ሌላ ነገር የለም፣ የሸርጣን ልጅ ብቻ። እያንዳንዱ ትልልቅ ጥቁር ዓይን፣ ጀርባው ላይ አንድ እሾህ። ያፈጡብኛል።

ኅዳር ላይ ያልለየሁት ቁራጭ ይሄው እሾህ ነበር።

ዶክተርን ጠራሁ። ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍተው ቀሩ። ተራዬን ብጠይቅ ማን ሊሰጠኝ።

ጥር 2

ሁሉም ሆድ ባዶ። ጻፍኩት።

ጥር 20

ባሕሩ ዛሬም ሜዳው ላይ ወጥቷል። ባለቤቴን ና ብዬው ነበር፤ አልመጣም።

"አይቼ ምን ልሁን?" አለኝ ጠዋት፣ ሸሚዙን እየቆለፈ። "ድንጋዩ ተጭኖ መምጣት ጀምሯል። መንደሩ እየጠበቀኝ ነው። አንቺ ደግሞ ውሃ እይ ትዪኛለሽ።"

"ሥራህን ተው አላልኩህም።"

"ታዲያ ምን አልሽኝ?"

እሱን ነው የማላውቀው። ምንድን ነው ያልኩት?

እማማ ግን መጡ። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ውሃው ውስጥ ቆሙ። ሸርጣን እግራቸው ላይ ሲሄድ ልጅ ሆኑ።

የካቲት 9

ውጤቱ መጣ። ዶክተር ፍሪጁን ተደግፈው ቆመው አነበቡት። እንደገና አነበቡት። ከዚያ በአፍንጫቸው ሳቁ።

"ከማንግሮቩ እዚህ ግባ የሚባል ነገር የለም። ከሸርጣኑ እስከ ትልቁ ዓሣ፣ ሁሉም የሜዳው ልጅ ነው።"

"ማንግሮቩስ ታዲያ ምን ይሠራል?"

"ቤት ነው። ይደበቁበታል። መኝታ ቤት ነው ብለሽ ያዢው። እኔ ወጥ ቤት ነው እያልኩ ሃያ ዓመት ሳስተምር ኖርኩ።"

ያዝናሉ ብዬ ፊታቸውን እፈልጋለሁ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሻይ አፈሉ።

"አላዘኑም?"

"ለምን? በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ነገር ተማርኩ እኮ። ለስንት ሰው ይደርሳል?"

የአዲሱን ጥናት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ዛሬውኑ ጻፉት። ከኋላቸው ቆሜ አነበብኩ። "ቀደም ሲል ይህ ሜዳ ባዶ ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።" ማለስለሻ የለ፣ ምክንያት የለ። እኔ ብሆን? ከገጽ መሐል ደብቄ፣ "ተጨማሪ ጥናት እንደሚያሳየው" ምናምን ብዬ...

የካቲት 11

እራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት። ሁሉንም፣ ከቅርፊቱ እስከ ሳህናችን። መንገዱ እንደታሰበው ከተሠራ ባሕሩ ከመንገዱ ወዲያ ያለው ሜዳ ላይ አይወጣም። ያ ከግማሽ በላይ ነው። ቅርፊቱ አይረጥብም፣ ሸርጣኑ የሚበላው አያገኝም፣ ሬዲዮ የሚያጠምደው አይኖረውም። መንገዱ ባዶ መኪና ይመላለስበታል።

ማንኪያውን አስቀመጠ። "መንገዱን ልተወው?"

"አትተወውም። የሬዲዮን ሚስት አውቃለሁ።"

እማማ ገቡበት። "አንተ መሐንዲስ አይደለህ? ለውሃውም ሥራለታ።"

"እማዬ፣ እንደ አፍ አይቀልም።"

"ቢቀልማ እኔ እሠራው ነበር።"

ሳቀ። ሳይፈልግ ሳቀ። ሳህኑን ገፍቶ ካርታውን አወጣ። "ውሃው የሚገባው በየት በየት ነው?" አለኝ። ከተጋባን ጀምሮ ስለ ሥራዬ ጠይቆኝ መልሴን የጻፈበት የመጀመሪያው ቀን ይመስለኛል።

የካቲት 19

መጣ። ባለቤቴ ውሃው ውስጥ ሱሪውን ሰብስቦ ቆመ። እኛ ሸርጣን ስናይ እሱ ውሃውን ብቻ ነው የሚያየው፣ በየት ቀድሞ እንደሚገባ፣ በየት እንደሚዘገይ። እንጨት እየተከለ ሄደ። ዶክተር ከሣጥናቸው ሆነው "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ" ይሉታል። አንዴ ጎንበስ ብሎ ቀረ። አንዲት እመቤት ስታራግፍ አይቷል። አጠገቤ ተመለሰ። ክንዴን ያዝ አደረገ።

መጋቢት 15

ስብሰባው የመንገድ ሥራ ቢሮው አዳራሽ ነበር። ላስቲክ ወንበር፣ የማይሠራ ማራገቢያ፣ ከመንደሩ የመጡ ሰዎች ከኋላ። የቢሮው ኃላፊ ከፊት፤ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ግን የቸኮሉ።

ዶክተር የወንበር መደገፊያ ይዘው ተነሱ።

"ሜዳው ባዶ ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መንገዱ በዚያ የሄደው የእኔን ቃል አምናችሁ ነው። ተሳስቻለሁ።"

ኃላፊው ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለሉ። "ያኔም እርግጠኛ ነበሩ፣ አሁንም እርግጠኛ ነዎት። አሁን ላለመሳሳትዎ ምን ዋስትና አለን?"

ተናደድኩ። ዶክተር ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ተማሪ ጥሩ ጥያቄ እንደጠየቃቸው።

"ትክክል ነዎት፣ እኔን አትመኑ። ከሦስት ቀን በኋላ ባሕሩ ሜዳው ላይ ይወጣል። መጥታችሁ በዓይናችሁ እዩ። ካልወጣ፣ ካያችሁትም በኋላ ባዶ ነው ካላችሁ፣ ያለ አንድ ቃል እቀመጣለሁ።"

ያኔ ባለቤቴ ተነሳ። ውሃው በሚገባባቸው አራት ቦታዎች ከአፈር ክምር ይልቅ አጫጭር ድልድይ ይሁን አለ። ውሃውን ከዘጋነው ራሱ ቀስ በቀስ መንገዱን ይበላዋል አለ። ሥራው ግማሽ ዓመት ገደማ ይዘገያል አለ፤ አልደበቀም።

ከኋላ ጉርምርምታ ተነሳ። ሬዲዮ ቆመ።

"ግማሽ ዓመት ትለኛለህ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ጥናት፣ ሌላ ዓመት... እኛ ስንት ጊዜ ሰምተናል። አንተ ራስህ ትጨርሰዋለህ ወይስ ትሄዳለህ?"

"እጨርሰዋለሁ።"

"የሥራው ኃላፊ ሆነህም ሳትሆንም?"

"ሆኜም ሳልሆንም።"

ሬዲዮ ቆሞ አየው። "እሺ" አለና ተቀመጠ።

መጋቢት 18

ባሕሩ ወጣ። ኃላፊው መጡ፣ ክራቫታቸውን እንዳሰሩ። መጀመሪያ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር። ቦዩ ጋ ዓሣው ተሰልፎ ሲያዩ ጫማቸው መርጠቡንም አላወቁ። "ይሄ ሁልጊዜ እዚህ ነበር?" አሉ ዶክተርን።

"እኛ ነበርን የሌለነው።"

ሚያዝያ 7

ድልድዮቹ ተፈቀዱ፤ ከአራቱ ሦስቱ። አራተኛው፣ የሰሜኑ ጫፍ፣ አይሆንም ተባለ። ባለቤቴ ደግሞ ከዋና መሐንዲስነት ወረደ። መጀመሪያውኑ ሳያጣራ ሥራውን አዘግይቷል ነው ምክንያቱ። በሌላ ሰው ሥር ሆኖ ይቀጥላል።

ዶክተር ሲሰሙ ኃላፊው ጋ ሄዱ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔን ቅጡኝ አሉ። ማን ይሰማል። ሲመለሱ ቤታችን ጎራ ብለው ባለቤቴ ፊት ቆሙና "ይቅርታ" አሉት። እሱ መቀመጫ ይፈልግላቸዋል፣ እሳቸው ቆመው።

"እኔም እኮ አላየሁትም ዶክተር" አላቸው። "ካርታ ላይ ነጭ ነበር፣ ነጭ ነው ብዬ ተቀበልኩ።"

ይሄ ሰውዬ ባሌ ነው? ከስንት ዓመት በኋላ እንደ አዲስ እያየሁት ነው።

ነሐሴ 22

የሰሜኑ ጫፍ ከተዘጋ ቆየ። ዛሬ ዶክተርና እኔ ሄድን። ቅርፊቱ ተነስቶ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ነፋስ ይወስደዋል። ጉድጓዶቹ ውስጥ አሸዋ ሞልቷል። ውሃ አፈሰስኩበት፣ ጠበቅን። አረንጓዴ ሊሆን አልቻለም።

"እሱን መልሰን እንከፍተው ይሆን?"

"አሁን ከተከፈተው ሜዳ ጋር የምናወዳድረው አለን። አንድ ቀን ይከፈታል" አሉ። ጨዋማውን አፈር በመዳፋቸው ይዘው ወደ መኪናው ሄዱ። መኪናው ውስጥም አልጣሉትም።

ታኅሣሥ 9

መንገዱ ከተከፈተ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የመንደሩ ሴቶች አሁን ለወሊድ በመኪና ነው የሚሄዱት፤ የመጀመሪያዋ ባለፈው ሐሙስ ሄደች፣ ሴት ልጅ ወለደች አሉ።

ዛሬ ከተከፈተ ወዲህ ባሕሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳው ላይ የሚወጣበት ቀን ነበር። መካከለኛው ድልድይ ላይ ቆምን፤ ባለቤቴ፣ እማማ፣ ዶክተር፣ እኔ። ውሃው ያልፋል? ባለቤቴ ብረቱን ጨብጦ ወደታች ያያል። ውሃው መጣ። እንደ ድሮው ቀስ ብሎ፣ ከሥራችን ገባ፣ ወዲያ ማዶ ወጣ፣ ተዘረጋ። ቆይተን መመለሻውን ጠበቅን። ሲመለስ ደፍርሶ፣ ወፍሮ ነበር። ዶክተር ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ጨው ገባብኝ አሉ።

ከመንደሩ ዓሣ የጫነ መኪና መጣና መተላለፊያውን ዘግተንበት ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ። ከሩቅ የመጣ ሰው ነው፣ አካባቢውን አያውቅም።

"ምን ወድቆባችሁ ነው?"

"ምንም አልወደቀም" አለው ባለቤቴ። "ውሃ እያለፈ ነው።"

ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ከጎናችን መጥቶ ወደታች አየ። "ይሄ እንደ ዱቄት የሚወርደው ምንድን ነው?"

ባለቤቴ ነገረው። ከቅርፊቱ ጀመረ፣ ያ የምታየው ጥቁር ነገር አለ አይደል፣ ደርቆ ይከርማል፣ ውሃ ሲያገኝ ምግብ ይሠራል አለው። ወደ ሸርጣኖቹ ሄደ፣ እመቤቶቹ አላቸው፣ ማራገፋቸውን በእጁ አሳየው። ወደ ትንሿ ዓሣ፣ ወደ ትልቁ፣ በየአፉ እንዴት እንደሚቀንስ፣ እስከዚያ ሰውዬ መኪና ድረስ። ሾፌሩ አንዴ ወደ ውሃው አንዴ ወደ ጭነቱ እያየ ይሰማል።

እኔም እሰማ ነበር። አንድ ቦታ ላይ እንኳ ላርመው አልቻልኩም።